ከደረጃ ነው የወደቅሁት

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ነርሷ፣ ካርዱ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

«ከደረጃ ወድቆ ነው» አልኩ እኔ። ጓደኛዬ ግራ እጁን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል።

ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። ጫማው አፈር ለብሷል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ጭጎጎት ብቻ ነው። «የየት ሠፈር ደረጃ ነው ጭጎጎት የሚያበቅለው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ጻፈች።

ደረጃ አልነበረም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፉሪ ተራራ ወጥተን፣ ከሁለት ሰው ቁመት ከማይበልጥ ቋጥኝ ላይ ነው የተንሸራተተው። ገመዱ ገና ከቦርሳ አልወጣም ነበር። እጁ ከአንጓው በላይ ተሰብሮ ብረት ገባለት። እኛም ደረጃ ያልነው ነርሷን ፈርተን አይደለም፤ የጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የገባውን የአደጋ ኢንሹራንስ ወረቀት ፈርተን ነው። በኋላ ጓደኛዬ ሲያስበው ውሸቱ አልዋጥለት አለና ካሳውን ሳይጠይቅ ተወው። ደግ አደረገ። ለኢንሹራንስ እያወቁ መዋሸትን ሕጉም አይወድም። የሆስፒታሉን ሒሳብ ግን ሕጉ አልከፈለልንም፤ አዋጥተን ከፈልን።

እኛ ማለት ለቡና ጀሞ አካባቢ የምንኖር አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የሒሳብ ሠራተኛ አለን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ አለን፣ አናጢ አለን። ቅዳሜ ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል ተገናኝተን ወደ ፉሪ፣ ጉልበት ያለን ቀን ወደ ወጨጫ እንወጣለን። ድሮ መራመድ ብቻ ነበር። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም ከውጭ ሲመጣ ገመድ፣ የወገብ ማሰሪያና ሄልሜት ይዞ መጣ፤ ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

ሰው ስለኛ የሚለውን እናውቃለን። ጎረቤት «ጥጋብ ነው» ይላል። የመሥሪያ ቤት አለቃዬ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ሰው ገደል የሚወጣው ጅብ ሲያባርረው ነው» ትላለች። ይሁን፤ ጥጋብም ከሆነ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ከእጅ ስብራቱ በኋላ ሁላችንም በገንዘባችን ኢንሹራንስ እንግባ ብለን ተስማማን። የተላክሁት እኔ ነኝ። እሮሮዬም ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ቦታ ስልኬን ተቀብለው «እንደውልልዎታለን» አሉኝ። እስካሁን እየደወሉ ይሆናል። ሁለተኛው ቦታ በአካል ሄድኩ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

«መኪና ነው?»

«አይደለም።»

«ቤት?»

«አይደለም እህቴ፤ ሰው ነው። ተራራ የምንወጣ ሰዎች ነን።»

ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ። «ተራራ ስትሉ... ገመድ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው አይሆንም ወንድሜ። ፖሊሲው ላይ ገመድ ያለው አይሸፈንም።»

«ያለ ገመድ ብንወጣስ?»

ደንግጣ አየችኝ። «ያለ ገመድ ገደል ትወጣላችሁ?»

ገመዱ እኮ እንዳንወድቅ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ልጅቷ ልቧ ከእኔ ጋር ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከሷ ጋር አልነበረም። ኃላፊዋን ጠራችው። ኃላፊው መጥቶ ቆሞ ሰማኝና «አስበንበት» አለ። በእኛ አገር «አስበንበት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻም። ሦስተኛው ጋ የላከኝ ብሮከር ደግሞ ቁርጡን ነገረኝ፤ «ኩባንያው እሺ ቢል እንኳ፣ እሱ ራሱ ኢንሹራንስ የሚገባበት ሪኢንሹራንስ አይቀበልም። አሥራ አንድ ሰው ብቻ ናችሁ። አንድ ሰው ቢወድቅ የአሥራ አንዳችሁ የአሥር ዓመት ፕሪሚየም አይበቃውም።» ሒሳብ ሠራተኛችን ይህን ስነግረው «እውነቱን ነው» አለና አናደደኝ።

የልጅቷን ወረቀት ግን ለምኜ ቤት ይዤው ሄድኩ። ከእንግሊዝኛው ጋር የአማርኛ ማብራሪያ ተያይዞበታል። የማይሸፈኑ አደጋዎች የሚለውን ገጽ ማታ መብራት እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ በስልኬ መብራት አነበብኩት። ከጦርነት፣ ከስካርና ከራስ ማጥፋት ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ ገመድ ወይም መሪ የሚያስፈልገው ተራራ መውጣት፤ የክረምት ስፖርት፤ ፖሎ፤ ከእግር ሩጫ በቀር ማንኛውም የፍጥነት ውድድር።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ገመድ ወይም መሪ።» ስሜን ተራሮች ለመሄድ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት ሳይዙ መግባት አይፈቀድም። መሣሪያ የታጠቀ ስካውት ከፊትህ እየሄደ መንገድ ሲያሳይህ መሪ ነው ወይስ አይደለም? መሪ ከሆነ፣ መንግሥት ያለሱ አትግባ ይልሃል፣ ኢንሹራንሱ ከሱ ጋር ከገባህ አላውቅህም ይልሃል። ወደ ደብረ ዳሞ እንሂድ። ገዳሙ ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያ አምባ ላይ አለ፤ እስከ ዛሬም መውጫው ገመድ ነው። መነኩሴው ከላይ ይስባል፣ ምዕመኑ ከታች ግድግዳውን በእግሩ እየረገጠ ይወጣል። ለመሳለም የሄደ አባወራ በዚህ ወረቀት ዓይን ተራራ ወጪ ስፖርተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። አቡነ አረጋዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ተስበው እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ጻድቁ ይቅር ይበሉኝና፣ ዘንዶው በፖሊሲው አነጋገር ገመድ ነው ወይስ መሪ? ገራልታ ያለው አቡነ የማታ ጉሕ ደግሞ ጫማ ወልቆ፣ አለቱ ላይ በተቦረቦሩ የእጅና የእግር መያዣዎች ነው የሚወጣው። አረጋውያን ይወጡታል፤ ለክርስትና የሚሄዱ ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ይወጡታል። በአንድ ወገን የገደሉ ጫፍ ወለል ብሎ ይታያል። ፕሪሚየም የከፈለ የለም፤ የሁሉም ዋስትና ከላይ ነው።

«የክረምት ስፖርት።» ይህችን ሳነብ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሳቄ መጣ። የፈረንጅ ክረምት በረዶ ነው፤ በረዶ ላይ መንሸራተት ማለታቸው ነው። የእኛ ክረምት ግን ሰኔ ይገባል፣ መስከረም ይወጣል፤ የሚንሸራተቱበት በረዶ የለውም፣ ጭቃ ግን አለው። ለቡ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ሠፈር ስትገባ፣ ትናንት የተቆፈረ ቦይ ላይ አንዲት ጣውላ ተጋድማለች። ጣውላዋ ረጥባለች። በአንድ እጅህ ጃንጥላ፣ በሌላው የልጅህን ቦርሳ ይዘሃል። ከፊትህ የሚሻገሩት ሴትዮ መሀል ላይ ቆመው «እመብርሃን!» ይላሉ። ከኋላህ አንዱ «ፈጠን በሉ እንጂ!» ይላል። ይህ የክረምት ስፖርት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ባለፈው ሐምሌ የኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ እዚያች ጣውላ ላይ ተንሸራተው ወገባቸውን ለሁለት ወር ታመዋል። ሜዳሊያ አልተሰጣቸውም።

«ፖሎ።» በሠፈራችን ፖሎ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ፈረስ ላይ ተቀምጦ ኳስ በዱላ መምታት ነው አሉኝ። ጉግስን ግን ወረቀቱ አያውቀውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በየቀለሙ ባጌጠ ኮርቻ እንጅባራ ላይ ሲወጡ ሜዳው ይንቀጠቀጣል። ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው ብዬ ለብሮከሩ ደውዬ «ጉግስ ይሸፈናል ማለት ነዋ?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ፈረስ አለበት?» አለኝ። «አለበት።» «አይሸፈንም።» በጽሑፍ የት አለ ብለው «በመንፈሱ» አለኝ። መንፈሱን የሚያነበው ካሳ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

«ከእግር ሩጫ በቀር።» ለዚች እንኳ አመስግኛለሁ። ለሯጭ አገር የተጻፈች ትመስላለች። ግን እስቲ አበበ ቢቂላን አስቡት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው። እግሩን ያጣው ሩጫ ላይ አይደለም። መጋቢት 1961 መኪና እየነዳ በደረሰበት አደጋ ነው ከወገቡ በታች ሽባ የሆነው። ከዚያ በኋላስ ቤት ተቀመጠ? ሚያዝያ 1963 ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። የክረምት ስፖርት ነው፤ ከእግር ሩጫ ውጭ የሆነ የፍጥነት ውድድርም ነው። በዚህ ወረቀት ዓይን በአንድ ቀን ሁለት አንቀጽ ጣሰ። የጎዳው ግን ወረቀቱ ያለምንም ጥያቄ የሚሸፍነው ነገር ነበር፦ መኪና።

ይህ ወረቀት የእኛን አገር ስለማያውቅ ነው የምንለፋው። ኢንሹራንስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በምኒልክ ዘመን፣ የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ ነው። ለመጋዘን እሳትና ለመርከብ ጭነት ነበር የተፈለገው። በኋላ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ በ1967 ደርግ አሥራ ሦስቱን ወረሰ፣ በኋላም ወደ አንድ ድርጅት ጠቀለላቸው፤ በ1986 በወጣው አዋጅ ደግሞ በሩ ለግል ተከፈተ። ዛሬ ኩባንያው ብዙ ነው፤ ማስታወቂያው በየሕንፃው ላይ ነው። ባለቤቱ ተለዋወጠ፣ ዘመኑ ተለዋወጠ፣ ያ የማይሸፈኑ አደጋዎች ገጽ ግን ከእንግሊዝ አገር እንደመጣ፣ ከፖሎው ጋር፣ ሳይነካ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። መኪናችንን ለማወቅ ታግለዋል፤ ሦስተኛ ወገን የግድ ስለሆነ አውቀውታል። እኛን ለማወቅ ማን ያስገድዳቸዋል?

ወንድሙ ገመድ ያመጣለት ጓደኛችን ደግሞ ቁስላችን ላይ ጨው ነሰነሰ። የኦስትሪያ ተራራ ወጪዎች ማኅበር የሚባል አለ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1862 የተመሠረተ። በዓመት መዋጮ አባል ስትሆን በመዋጮው ውስጥ የነፍስ አድን ወጪ ሽፋን አብሮ ይመጣል፤ እስከ 25,000 ዩሮ፣ ዓለም ላይ የትም ብትወድቅ። የእንግሊዞቹም ማኅበር ለአባላቱ የራሱ ኢንሹራንስ አለው፤ አለት ለሚወጣ ለብቻ፣ ከፍተኛ ተራራ ለሚወጣ ለብቻ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ማይካ በርካርት የምትባል አሜሪካዊት ከጓደኞቿ ጋር መጥታ የገራልታን አለቶች ወጥታ መጽሐፍ ጽፋባቸዋለች፤ ሌሎችም ይመጣሉ። እነሱ የየማኅበራቸውን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው በእኛ ድንጋይ ላይ ይወጣሉ፤ የድንጋዩ ባለቤት ያለ ወረቀት ይወጣል። እዚህ ሆኖ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን በአንድ ጠዋት ይወጣለታል። ላልገባበት ፓሪስ ዋስትና አለው፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ለሚያየው ፉሪ ግን የለውም።

«ለምን በሌላ መንገድ አትሞክርም?» አለኝ አለቃዬ። ሞከርኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ ከተጎዳሁ ማሳከሚያውን አሠሪዬ ይችላል። ከቢሮ ወንበሬ ላይ ብወድቅ ባለቤት አለኝ፤ ቅዳሜ ከወደቅሁ የማንም አይደለሁም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቷል፤ ከደመወዜ ሦስት በመቶ፣ ከአሠሪዬም ሦስት በመቶ ሊቆረጥ። አዋጁ ሲወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም እያበቀለ ነው፤ አዋጁ ግን ሲራዘም ሲራዘም ከወረቀት አልወረደም። የማኅበረሰብ አቀፉ ጤና መድን በ2003 በአሥራ ሦስት ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አገር አዳርሷል፤ የተዘረጋው ግን ደመወዝተኛ ላልሆነ ሰው ነው። አናጢያችን ይገባበታል፤ እኔና አስተማሪው አንገባም። ስለዚህ ከአሥራ አንዳችን መካከል እግሩ የሚታከምለት አናጢው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በጣም ጥንቁቅ ስለሆነ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልወደቀም።

በመጨረሻ የቀረኝ እድር ነው። የብሎካችን እድር ዳኛ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ለቡ ያለውን የአዲሱን ባቡር ጣቢያ ባዩት ቁጥር «ይሄ ባቡር አይደለም፣ የተኛ አውቶቡስ ነው» ይላሉ። እሑድ ጠዋት ዕቃ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው፤ ወንበር እየቆጠሩ። ከጀርባቸው ብረት ድስቶቹ በየመጠናቸው ተደርድረዋል፣ የድንኳኑ ሸራ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል፣ ግድግዳው ላይ የቀሪዎች ስም ዝርዝር ተለጥፏል። የእኔ ስም ሦስተኛ ነበር።

«ጋሼ፣ እድሩ እጅ ለተሰበረ ሰው የሚሰጠው ነገር አለ?»

«ልጄ፣ እድር የሚያውቀው ሞትን ነው። እጅ የተሰበረ ይድናል።»

«ከገደል ወድቄ ብሞትስ?»

ቆጠራቸውን አቁመው አዩኝ። «እንዴት እንደሞትክ ምን አገባን? ከገደልም ሙት ከአልጋ፣ ድንኳኑ ያው ነው፣ ንፍሮውም ያው ነው። መዋጮህን ብቻ አታሳልፍ። የሁለት ወር አለብህ።»

ከዚያ ስመለስ እግሬ ከበደኝ። አንዱ እንዴት እንደምኖር ጠይቆኝ ነው የከለከለኝ፤ ሌላው እንዴት እንደምሞት ሳይጠይቅ ይቀብረኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ የተሰበረ እጅ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት፣ ሦስት ወር ከሥራ መቅረት፣ እሱ የማንም አይደለም። እኛ ደግሞ ዕድሜያችንን የምንጨርሰው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራራ አልወጣንም፤ ዘነበ። ጀሞ አንዲት ቡና ቤት ተሰበሰብንና የራሳችንን ሣጥን ለማቋቋም ወሰንን። በወር ሁለት መቶ ብር፣ በአስተማሪው እጅ፣ በደብተር። ተጨበጨበ። ሒሳብ ሠራተኛችን ግን እጁን አወጣ። «ለየትኛው አደጋ ነው የምንከፍለው? ይጻፍ» አለ። ይጻፍ ተባለ። እስክሪብቶው እኔ ጋ ነበር።

«ሄልሜት ሳያደርግ የወደቀ አይመለከተውም» አለ አንዱ። ትክክል ነው፣ ጻፍኩ። «ብቻውን የወጣ አይመለከተውም።» ጻፍኩ። «ጠጥቶ የወጣ።» ጻፍኩ። «ዝናብ እያለ የወጣ» አለች አንዷ፤ በመስኮት ውጪውን እያየች። ይህቺም የክረምት ስፖርት መሆኗን አሰብኩና ጻፍኳት። ቡናው ሁለተኛ ሳይቀርብ ገጹ ሞላ። ቀና ብዬ ሳየው ያንኑ የልጅቷን ወረቀት ነበር በራሴ እጅ የምጽፈው፤ ፖሎው ብቻ ነው የጎደለው።

እጁ በጄሶ ያለው ጓደኛችን እስከዚያ አልተናገረም ነበር። በጤነኛ እጁ ስኒውን አስቀመጠና «ገመድ ከቦርሳ ሳያወጣ የወደቀስ?» አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ሒሳብ ሠራተኛው ደብተሩን አየ፣ ከዚያ ጄሶውን አየ።

«እሱማ...» አለ በመጨረሻ፣ «እሱማ ከደረጃ ነው የወደቀው።»

ጻፍኩት። ደረጃ ይሸፈናል።